በአየር የሚቀዘቅዙት የ1970ዎቹ ታላላቅ ሞተር ሳይክሎች ዛሬም ልብ የሚይዙት ለምንድን ነው?

አራት ካርቡራተር (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ጉልበት፣ ኤሌክትሮኒክስና ዋጋ እዚህ ብዙ ተጽፏል። እኔ ማንሳት የምፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው። ሆንዳ ሲቢ750፣ ካዋሳኪ ዜድ1 እና ሱዙኪ ጂኤስ1000 ከተሠሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኗቸው፣ በሁሉም መለኪያ በዘመናዊዎቹ ተበልጠው ሳለ፣ አንዱ የትም ቦታ ቢቆም ሰው ከቦ የሚያየው ለምንድን ነው? (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ናፍቆት ነው የሚለው መልስ አያሳምነኝም። እነዚህ ሞተር ሳይክሎች ሲመረቱ ወላጆቻቸው እንኳ ያልተጋቡ ወጣቶች ዛሬ በፍቅር ሲያድሷቸው እናያለንና። የእኔ እምነት በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሥራውን ስለማይደብቅ ነው የሚል ነው። በውሃ የሚቀዘቅዘው ሙቀቱን በሲሊንደሩ ዙሪያ ለሚዞረው ውሃ ሰጥቶ ወደ ራዲያተር ስለሚልከው የውጭ አካሉ ምንም ቢመስል፣ በፕላስቲክም ቢሸፈን፣ ለውጥ የለውም። በአየር የሚቀዘቅዘው ግን ሙቀቱን ለነፋስ የሚያስረክበው በራሱ ገላ ነው። በሲሊንደሩና በቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ በሚከድነው አካል) ላይ የተደረደሩት ክንፎች ርዝመታቸውም፣ ውፍረታቸውም፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም የሚወሰነው ምን ያህል ሙቀት መውጣት አለበት በሚለው ስሌት ነው። ዓይናችን የሚወደው መልክ ጌጥ እንዲሆን ታስቦ የተጨመረ አይደለም።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልጻፍ። ሲቢ750 በ1968 በቶኪዮ ሞተር ሾው ታይቶ በ1969 ለገበያ ቀረበ። 736 ሲሲ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች፣ 67 የፈረስ ጉልበት፣ የፊት ዲስክ ፍሬን፣ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር፣ አራት ማርሚታ፤ ይህ ሁሉ በአሜሪካ በ1,495 ዶላር ነበር። «ሱፐርባይክ» የሚለው ስም በሰፊው የተለመደው ከእርሱ ወዲህ ነው። ካዋሳኪም በዚያን ጊዜ የራሱን ባለ አራት ሲሊንደር 750 እያዘጋጀ ስለነበር ሆንዳ ሲቀድመው ሥራውን አቆየና ሞተሩን ወደ 903 ሲሲ አሳድጎ፣ በቴስታታው ላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) አድርጎ፣ በ1972 ዜድ1ን በ82 የፈረስ ጉልበት አወጣ። እኔ የዜድ1ን ሞተር ከጎን ሳየው ምንም የሚጨመርበትም ሆነ የሚቀነስበት ነገር አይታየኝም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሙቀት መሐንዲስ (ሙኒክ)

ጽሑፍዎን በደስታ አነበብኩ። ውበቱን የሰጠው ሙቀት ነው ማለትዎ ትክክል ነው፤ ሆኖም ይህን ዓይነት ሞተር ከውድድርና ከገበያ ያስወጣውም ይኸው ሙቀት መሆኑ አብሮ ካልተነገረ ነገሩ ግማሽ ይቀራል።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር በቴርሞስታት አማካይነት ሙቀቱን በጠባብ ክልል ይዞ ይቆያል። በአየር የሚቀዘቅዘው ግን ጠዋት በብርድ ሲነሣ፣ የትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ሲጠብቅና በአውራ ጎዳና ሲሮጥ ሙቀቱ እጅግ ይለያያል። ብረት በሙቀት ስለሚሰፋ ነዳፊው በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ለመተው ይገደዳል፤ በዚያም ክፍተት ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል፣ ዘይትም ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠላል። ከሁሉ የሚከፋው የጭስ ማስወጫው ቫልቭ አካባቢ ነው። ነፋስ በቀላሉ ስለማይደርስበት ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል ኮምፕሬሽኑ (የድብልቁ መጨመቅ) ዝቅ ይደረጋል፣ የአየርና የነዳጅ ድብልቁም ነዳጅ እንዲበዛበት ይሆናል። አራት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ደግሞ መካከለኞቹ ሁለቱ በዳርና በዳር ካሉት ይልቅ ይሞቃሉ። የጭስና የድምፅ ሕግ በጠበቀ ቁጥር ይህ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል፤ ውሃው ይሸፍነው የነበረው የሞተር ውስጥ ድምፅ በክንፎቹ በኩል በግልጽ ይሰማልና።

በዚህ ነገር ላይ ትልቁ ሙግት የተካሄደው በራሱ በሆንዳ ኩባንያ ውስጥ ነበር። የኩባንያው መሥራች ሶይቺሮ ሆንዳ ውሃውም ቢሆን በመጨረሻ የሚቀዘቅዘው በአየር ከሆነ መጀመሪያውኑ በአየር ማቀዝቀዝ ይሻላል ብለው አጥብቀው ያምኑ ነበር። በዚህ እምነት የተሠራውን አርኤ302 የተባለውን የፎርሙላ 1 መኪና የቡድኑ ነጂ ጆን ሰርቲስ ለውድድር አልደረሰም ብሎ አልነዳም አለ። በሐምሌ 1968 በሩዋን በተካሄደው የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ መኪናውን የነዳው ጆ ሽሌሰር ተጋጭቶ በእሳት ሕይወቱ አለፈ። ሲቢ750 በቶኪዮ ለሕዝብ የታየው በዚያው ዓመት መኸር ነው። ወጣቶቹ መሐንዲሶች ግን የጭስ ሕግን ለማሟላት ውሃ ግድ ነው ብለው ተሟግተው አሸነፉ፤ በውሃ የሚቀዘቅዘው ሲቪክ መኪና በ1972 ወጣ፤ ሆንዳም በ1973 ከኃላፊነታቸው ተሰናበቱ። እንግዲህ ያ የምንወደው ሞተር የተወለደው ሐሳቡ በራሱ ቤት እየተሸነፈ በነበረበት ሰዓት ነው።

ቁጥሩንም ልጨምር። የዜድ1 ጉልበት በአንድ ሊትር ሲሰላ 91 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ያው ካዋሳኪ በ1984 ያወጣው በውሃ የሚቀዘቅዘው ጂፒዜድ900አር መጠኑ 908 ሲሲ፣ ጉልበቱ 115 ነበር፤ በሊትር ወደ 127 ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ዕድሜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

የመርካቶ ብሎን (አዲስ አበባ)

እኔ የምናገረው ከጋራዥ ነው። መሐንዲሱ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሰው እነዚህን ሞተሮች የሚወደው በሊትር ስንት ጉልበት ይሰጣል ብሎ አይደለም። እጁ ስለሚደርስባቸው ነው።

የሲቢ750ን ቫልቭ ማስተካከል ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሞተሩ አንድ ሌሊት ቆሞ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ሰልባትዮው (የነዳጁ ታንከር) ይወርዳል፣ በቴስታታው ላይ ያሉት ትናንሽ ክዳኖች ይፈታሉ። በስተቀኝ የፑንቲናው (ለካንዴላው እሳት ጊዜውን የሚሰጠው ክፍል) ክዳን ተከፍቶ ክራንኩ በመፍቻ ቀስ እየተባለ ሲዞር «1.4» እና «2.3» የሚሉት ምልክቶች ከመስመሩ ጋር ይገጥማሉ። ከዚያ ቀጭኗን የመለኪያ ቆርቆሮ በመካከል ታስገባለህ፤ ለማስገቢያው ቫልቭ 0.05፣ ለማስወጫው 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ቆርቆሮዋ ስትጎተት ጥቂት መያዝ አለባት፤ ከያዘች ዳዶውን ታጠብቃለህ፣ ሲጠብቅ ልኬቱ ሊዛባ ስለሚችል ደግመህ ትለካለህ። አራቱም ሲሊንደር በዚህ መልክ ይሠራል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ሲጨርሱ ሞተሩን አስነሥቶ የቫልቮቹ ድምፅ እኩል ሲሆን መስማት፣ ለእኔ በዚህ ሙያ ካሉት ደስታዎች ሁሉ ይበልጣል።

በእርግጥ ይህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የሚሠራ ሥራ ነው። እንደ ያማሃ አር1 ያለው ዘመናዊ ሞተር ቫልቩ የሚታየው ከ40,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ወደ ቴስታታው ለመድረስ ፕላስቲኩን፣ የአየር ማጣሪያውን ሳጥንና ብዙ ገመድ ማውረድ ግድ ይሆናል፤ ክፍተቱ ከተዛባም ካምሻፍቱ ራሱ መውጣት አለበት።

ስለ አገራችን አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ቀጭን ነው። ለቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር ያለው ሞተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ሲወጣ ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። ዋናውን ጄት (በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አነስ ባለ ቁጥር ለውጦ፣ ነድቶ፣ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት ነው መፍትሔው፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲያዘነብል ተስተካክሏል ማለት ነው። አዲሱ ሞተር ይህን በሴንሰር ራሱ ይሠራዋል፤ ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። በየከተማው የምናያቸው ቦክሰሮችም ባለ አንድ ሲሊንደር ሆነው በአየር የሚቀዘቅዙ ስለሆኑ በእነርሱ ላይ እጁን ያፍታታ ልጅ የድሮ ሆንዳ ቢሰጡት ግራ አይገባውም። የሥራው መሠረት አንድ ነውና።

ሰማያዊ ሄልሜት (ለንደን)

እኔ ሁለቱንም ዓይነት እነዳለሁ፤ ስለዚህ ስለ መልክና ስለ ጥገና ብቻ እየተወራ ስለ መንዳቱ ዝም መባሉ ቅር አሰኝቶኛል።

አስቀድሜ የድሮዎቹን ጉድለት ልናገር፤ ምክንያቱም ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው። በ1970ዎቹ የነበሩት የማይዝግ ብረት ዲስኮች በዝናብ ሲረጥቡ፣ በተለይ በዘመኑ የፍሬን ሸራ፣ ፍሬኑን ሲይዙት ለአፍታ ምንም አይመልስም፤ ውሃው ከተጠረገ በኋላ ደግሞ በድንገት ይነክሳል። የኋላው ታምቡር ፍሬን ብዙም አይረዳም። ቻሲው ከሞተሩ ጉልበት አንጻር ደካማ ስለነበር ዜድ1 በከፍተኛ ፍጥነት ሲሄድ ይወላወላል፤ ይህ በዘመኑ የታወቀ ነበር። ዛሬ በመታጠፊያ ላይ ተጋድሞም ቢሆን ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ ፍሬን አለን፤ ኬቲኤም በ1190 አድቬንቸር ላይ ለ2014 ሞዴል ይዞት ከመጣ ወዲህ ብዙዎች ተከትለውታል። በሥራ ቀን፣ በዝናብ፣ በለንደን መንገድ ላይ እኔ የምመርጠው አዲሱን ነው፤ ለማንም የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ፀሐያማ በሆነ እሑድ ግን የማወጣው አሮጌውን ነው፤ ምክንያቱንም በግልጽ መናገር እችላለሁ። ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ዘመናዊ ሱፐርባይክ ገና በአንደኛ ማርሽ እያለ የዚህን አገር የአውራ ጎዳና ወሰን፣ ማለትም በሰዓት 112 ኪሎ ሜትርን፣ አልፎ ይሄዳል። ሞተሩ የተሠራለትን ሥራ ሲሠራ ለመስማት ወደ መወዳደሪያ ሜዳ መሄድ ያስፈልጋል። በ82 የፈረስ ጉልበት ግን ማርሽ እየቀያየርኩ፣ ካርቡራተሮቹ አየር ሲስቡ እየሰማሁ፣ የሞተሩን ጉልበት ከታች እስከ ላይ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ላይ እጠቀምበታለሁ። የጋዙ ገመድ ከእጄ እስከ ካርቡራተሩ ድረስ አንድ ወጥ ሽቦ ስለሆነ ስንት እንደከፈትኩ የምወስነው እኔ ብቻ ነኝ፤ በመካከል የሚገባ ኮምፒውተር የለም። አስቀድሜ ማሰብ፣ ቀደም ብዬ ፍሬን መያዝ፣ መስመሬን መምረጥ አለብኝ። ይህ ሁሉ ትኩረት እንደ ሸክም ሊቆጠር ይችላል፤ ለእኔ ግን የመንዳት ፍሬ ነገር እርሱ ነው።

ቤቨል (ቦሎኛ)

ጃፓኖቹ ብቻ ሲወደሱ ጣሊያን መዘንጋት የለባትም። በሚያዝያ 1972 በኢሞላ በተካሄደው የ200 ማይል ውድድር ፖል ስማርት በዱካቲ 750 አንደኛ፣ ብሩኖ ስፓጃሪ ሁለተኛ ሆኑ። ያን ሞተር የነደፉት ፋቢዮ ታሊዮኒ ናቸው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ90 ዲግሪ ተለያይተው የፊተኛው ወደ መሬት ጋደም ስለሚል ቴስታታው በቀጥታ ከነፋሱ ጋር ይገናኛል፤ ቫልቮቹም በስፕሪንግ ሳይሆን በዴስሞድሮሚክ ስልት በካም ተከፍተው በካም ይዘጋሉ። ማይክ ሄይልዉድ ለዓመታት ከሞተር ሳይክል ውድድር ርቆ ከቆየ በኋላ በ1978 ወደ አይል ኦፍ ማን ደሴት ውድድር ተመልሶ ሲያሸንፍ የነዳው በአየር የሚቀዘቅዝ ዱካቲ ነበር። መሐንዲሱ በአራት ሲሊንደር ስለሚፈጠረው የመካከል ሙቀት የጻፉት ችግር በሁለት ሲሊንደር ይቃለላል፤ ዱካቲ እስከ ዛሬ 803 ሲሲ ስክራምብለርን በአየር እያቀዘቀዘ መሸጡም ለዚህ ምስክር ነው።

አራት ካርቡራተር (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ሰማያዊ ሄልሜት ስለ ቻሲው ድክመት የጻፈችው ነገር የአሜሪካን የሱፐርባይክ ውድድር ዘመን አስታወሰኝ። ሻምፒዮናው በ1976 ሲጀመር የመጀመሪያው አሸናፊ ሬጅ ፕሪድሞር በቢኤምደብሊው አር90ኤስ ነበር፤ በኋላ ግን መድረኩን የያዙት ትላልቆቹ የጃፓን ባለ አራት ሲሊንደሮች ናቸው። ዌስ ኩሊ በዮሺሙራ ሱዙኪ ጂኤስ1000 በ1979 እና በ1980፣ ኤዲ ላውሰን በካዋሳኪ በ1981 እና በ1982 ሻምፒዮን ሆኑ። የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ተመልከቱ፦ ሰፊ መሪ፣ ቀና ብሎ የተቀመጠ ነጂ፣ የሚወላወል ሞተር ሳይክል፣ በመታጠፊያ ላይ አስፋልት የሚጭር ብረት። ጉልበቱ ከቻሲውም ከጎማውም አቅም በላይ ስለነበር ልዩነቱን የሚሞላው የነጂው ክንድ ነበር። በ1983 የሞተሩ መጠን ከ1025 ወደ 750 ሲሲ ዝቅ እንዲል ሲደረግ ያ ምዕራፍ ተዘጋ።

አንድ የምቃወመው ነገር አለ። ካዋሳኪ በ2017 ዜድ900አርኤስ የተባለውን ሞተር ሳይክል በዜድ1 አምሳል አወጣ። ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ 948 ሲሲ ሆኖ ሳለ በቴስታታው ላይ ክንፍ መሰል ቅርጽ ተሠርቶለታል። ሙቀት የማያስወጣ ክንፍ ለምን ይሠራል? ይህ እኔ በመጀመሪያው ጽሑፌ የተናገርኩትን ነገር የሚያፈርስ ነው፤ መልኩን ይዞ ምክንያቱን ጥሎታልና።

ሙቀት መሐንዲስ (ሙኒክ)

በዚህ ነጥብ ላይ ጠንከር ብለውበታል። ዜድ900አርኤስ ጥሩ ሞተር ሳይክል ነው፤ ፍሬኑም፣ ቻሲውም፣ አስተማማኝነቱም እህታችን ለሥራ ቀን የምትመርጠው ዓይነት ነው። ነገር ግን ክንፉ ጌጥ መሆኑን እኔም አልክድም፤ እንደ መሐንዲስ ዓይኔ ያርፍበታል እንጂ አይረካበትም።

ምክንያቱንም መልኩንም አብሮ ለመያዝ የሞከረው ሆንዳ ነው። በ2010 ያወጣው ሲቢ1100 በዚህ ዘመን ከባዶ ተነድፎ በእውነት በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ 1140 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ክንፎቹ ቀጫጭኖችና ጥልቅ ናቸው፤ ቴስታታው ላይ በሞቀው የቫልቭ አካባቢ ዘይት እንዲዞር ተደርጓል። ጉልበቱ ሆን ተብሎ መጠነኛ እንዲሆን ስለተተወ ሙቀቱ ከቁጥጥር አልወጣም። የጭስ ሕጉ እየጠበቀ ሲመጣ ግን በ2021 የመጨረሻው እትም ወጥቶ ምርቱ ቆመ። ከትልልቆቹ መካከል ዛሬ የቀሩት በአብዛኛው ሁለት ሲሊንደሮች ናቸው፤ እዚህ እኔ ባለሁበት ከተማ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ቢኤምደብሊው በ1170 ሲሲ አር12 ናይንቲ 109 የፈረስ ጉልበት እያወጣ የዛሬውን ሕግ ማሟላት ችሏል። ሮያል ኤንፊልድም በ648 ሲሲ ሞተሩ 47 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይሰጣል፤ ግን ብዙ ሕዝብ ይገዛዋል። ለጉልበት ካልተስገበገቡ በአየር ማቀዝቀዝ ዛሬም ይቻላል ማለት ነው። የማይቻለው 100ን ከፍ አድርጎ 200 መጠየቅ ነው።

አዲስ ሞተረኛ (ዳላስ)

ጋሼ የመርካቶ ብሎን፣ ጽሑፍዎን አንብቤ ልቤ ተነሣሣ። በአካባቢዬ አንድ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲቢ750 ለሽያጭ ቀርቧል። ባለቤቱ ሁሉ ነገር ታድሷል ይላል። ከመግዛቴ በፊት ምን ማየት አለብኝ? መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ የጥገና ልምድ ግን የለኝም።

የመርካቶ ብሎን (አዲስ አበባ)

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ስትሄድ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሣው ለሻጩ ንገረው። ስትደርስም መጀመሪያ በእጅህ ሞተሩን ንካ፤ ሞቆ ከጠበቀህ በብርድ መነሣት እንደሚያስቸግረው ጠርጥር። ከተነሣ በኋላ በአራቱም የጭስ ቱቦዎች ላይ፣ ከቴስታታው በሚወጡበት አጠገብ፣ ጠብታ ጠብታ ውሃ ጣልባቸው። በሦስቱ ላይ ወዲያው ጭስ ብሎ ጠፍቶ በአንዱ ላይ ከቆየ፣ ያ ሲሊንደር በደንብ እየሠራ አይደለም፤ ካንዴላ ወይም ካርቡራተር ከሆነ ቀላል ነው፣ ኮምፕሬሽን ከሆነ ግን ሞተሩ መውረድ አለበት። ሲነሣ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ካሳየ የቫልቩ ጎሚኒ አርጅቷል። እየነዱት ጋዝ ሲሰጠው ካጨሰ ደግሞ ነገሩ የፒስተን ፋሻ ነው።

ሰልባትዮውን ክፈትና በባትሪ መብራት ውስጡን እይ፤ ዝገት ካለ አራቱንም ካርቡራተር እየደፈነ ያስቸግርሃል። ማርሚታዎቹ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚዝጉት፤ ከታች በኩል በጣትህ ጫን ጫን አድርግ። ኦሪጅናሎቹ አራቱም ካሉ ዋጋቸው ከባድ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ 7,414 ሞተሮች አንዱ ነው ብሎ ሻጩ ዋጋ ከጨመረብህ በቃሉ አትመን፤ የሞተሩንና የቻሲውን ቁጥር ጽፈህ ከሚያውቅ ሰው ጋር አመሳክር።

ከሁሉ በላይ በስተግራ የፊተኛው ጥርስ ክዳን እንዲከፈትልህ ጠይቅ። በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ላይ ካቴናው ሲበጠስ ተጠቅልሎ የሞተሩን ቤት ከጥርሱ ጀርባ የሚሰብርበት ጊዜ ነበር። እዚያ አካባቢ የብየዳ ጠባሳ ወይም ከሌላው ብረት የተለየ ቀለም ያለው ልጥፍ ካየህ፣ የዘይት ላብም በዙሪያው ካለ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋውን አስቀንሰህ ካልሆነ አትግዛው። ሻጩ ክዳኑን አልከፍትም ካለ ደግሞ ሌላ ፈልግ፤ በአሜሪካ ብዙ ስለተሸጠ ሌላ አታጣም። ፎቶግራፍ አንሥተህ እዚህ ብትለጥፍልን አብረን እናየዋለን።